ታንከሩ ያው ነው፤ መንደሩ ግን ያው አይደለም

«ይህ የሥነ ጽሑፍ መጽሔት ነው፤ ስለ ነዳጅ ማከማቻ ምን አገባው?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። መልሱ አጭር ነው። ስለ ፍቅርና ስለ ጨረቃ የምንገጥመው የምንገጥምለት ሰው በሕይወት ሲኖር ነው። ጨረቃስ ከተነሣች፣ በአዲስ አበባ ዙሪያ ቀን ቀን ደንብ አስከባሪ ፈርቶ፣ ሌሊት በጨረቃ ብርሃን ማገር አቁሞ፣ ሳይነጋ ቆርቆሮ የሚያለብስ ስንትና ስንት ቤተሰብ አለ። «የጨረቃ ቤት» ይለዋል ሕዝቡ። የዛሬው ጽሑፌ የዚያ ቤት ባለቤት ጉዳይ ነው።

ነገሩ የተነሣው እንዲህ ነው። ባለፈው በክበባችን ውይይት ላይ የነዳጅ ወረፋ ነገር ተነሥቶ አንድ ወንድማችን ረዘም ያለ ንግግር አደረገ። አገራችን ማጣሪያ የላትም፤ ስለዚህ ክምችት ያስፈልጋታል፤ ክምችት ደግሞ ታንከር ይፈልጋል፤ ስለሆነም በከተማይቱ ዙሪያ ተዘግቶ የተቀመጠ የነዳጅ ዴፖ ካለ ሳይውል ሳያድር ይከፈት፤ የጎደለውም በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ይሟላ፤ አጠገቡ ቤት የሠራ ሰው እንደሆነ በኋላ የመጣ ነውና እሱ ይነሣ፤ የቀረውን ባለሙያ ያውቅበታል አለ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እኔም እጄን ሳወጣ ሰዓት አለቀ ተባለ። እነሆ ያኔ ያልተናገርኩትን በጽሑፍ አቀርባለሁ።

በመጀመሪያ እውነት ያለበትን እውነት ነው ልበል። በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተሠራው የአሰብ ማጣሪያ እ.ኤ.አ. በ1967 ሥራ ጀምሮ በ1997 ቆመ። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ የአሰብ በር ጭራሹን ተዘጋብን። ከዚያ ወዲህ ቤንዚኑም፣ ናፍጣውም፣ የአውሮፕላኑም ነዳጅ የሚገባልን በዋናነት በጅቡቲ በኩል ነው። ያ መንገድ አንድ ሳምንት ቢዘጋ አምቡላንሱም፣ የገበሬው ማረሻ ትራክተርም፣ ዱቄት ጫኙ መኪናም ይቆማል። አንድ በር ብቻ ያለው ቤት ጎተራው ባዶ መሆን የለበትም። እዚህ ላይ ከወንድሜ ጋር አንጣላም።

ግን ጎተራ ሌላ፣ ጎተራው የሚቆምበት ቦታ ሌላ! ገበሬ እንኳ ጎተራውን ከምድጃው አጠገብ አይተክልም። የጠባችን መነሻ ይኸ ነው። «ይከፈት» የምትለዋ ቃል በጣም ቀላል መስላ ታየችው። ሱቅ ለክረምት ተዘግቶ በመስከረም ሲከፈት አቧራውን ጠርገህ ትገባለህ። ዴፖ ግን ሱቅ አይደለም። ታንከሩ ቆሞ በኖረበት ዘመን ሁሉ ወለሉን ዝገት ከሥር ይበላዋል፤ ቧንቧው ውስጥ ውስጡን ይሳሳል፤ መዝጊያው ይነክሳል፤ መለኪያው ይዋሻል። ከዚህም የከፋው ታንከሩ የሚታየው ለብቻው አለመሆኑ ነው። የተተከለ ጊዜ ዙሪያው የገብስ ማሳና የከብት ሜዳ ሊሆን ይችላል። መሐንዲሱ ርቀት ለክቶ «ይበቃል» ሲል የለካው ከታንከሩ እስከ ገብሱ ነበር። ዛሬ ብትለካው ያው ርቀት የሚያበቃው በሕፃን አልጋ ላይ ነው። ታንከሩ ያው ነው፤ መንደሩ ግን ያው አይደለም። ስለዚህ «ዳግም መክፈት» የሚባል ነገር የለም። በሰው መሐል አዲስ ዴፖ ማቋቋም ነው፤ ስሙ ብቻ አሮጌ ነው።

አደጋውን ሳያውቅ የሚያጨበጭብ ሰው ስላለ ትንሽ ላብራራ። ቤንዚን ሲነድ የሚነደው ፈሳሹ ሳይሆን ትነቱ ነው። ይህ ትነት ከአየር ይከብዳል። እንደ ጢስ ወደ ሰማይ አይወጣም፤ እንደ ጉም መሬት ለመሬት ይሳባል፤ ቁልቁለት ይፈልጋል፤ ቦይ ይከተላል፤ በበር ሥር ይገባል። እሳት እስኪያገኝ ድረስ ይሄዳል። እሳቱ የት አለ? እንጀራ በምትጋግር እናት ምጣድ ሥር አለ። ቡና በተጣደበት ከሰል ላይ አለ። በባጃጅ ሞተር ውስጥ አለ። እንግዲህ ማነው ጥፋተኛው? እንጀራ የጋገረችው ሴትዮ?

«ይኸ በኋላ ቀር አገር የሚሆን ነው» እንዳይባል ከሠለጠነው ልጀምር። በእንግሊዝ አገር፣ ከለንደን በስተሰሜን፣ ባንስፊልድ የሚባል ትልቅ የነዳጅ ማከማቻ ነበር። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 11 ቀን 2005፣ እሑድ ሌሊት፣ አንዱ ታንከር ቤንዚን እየተሞላ ሳለ የመጠን መለኪያው ነክሶ ቆመ። ሞላ ብሎ መጮህ የነበረበት ሌላው መሣሪያም አልሠራም። ከ250 ሺህ ሊትር በላይ፣ ማለት አምስት ስድስት ቦቴ ከነተሳቢው የሚጭነው ቤንዚን፣ ከአናቱ ፈሰሰ። ትነቱ ነጭ ጉም ሆኖ ግቢውን አልፎ ወጣ። ማለዳ ላይ ፈነዳ፤ ከ20 በላይ ታንከሮች ተያያዙ፤ እሳቱም ለቀናት ነደደ። 43 ሰዎች ቆሰሉ፤ የሞተ ግን አልነበረም። ለምን? እሑድ ማለዳ ስለነበር በአጠገቡ ያሉት መሥሪያ ቤቶች ባዶ ነበሩ። በሥራ ቀን ቢሆንስ ኖሮ? ደግሞም ባለሙያ አልጠፋም ነበር፤ መሣሪያም አልጠፋም ነበር። ወንድሜ «ባለሙያ ያውቅበታል» ሲል ይህን ያስብ።

አሁን ወደ እኛው ቢጤ አገር እንምጣ። በጃካርታ ፕሉምፓንግ የተባለው ዴፖ እ.ኤ.አ. በ1974 ሥራ ሲጀምር ዙሪያው ክፍት ቦታ ነበር። ከጊዜ በኋላ የከተማው ድኃ ተጠግቶ፣ አጥሩ ሥር ድረስ ቤት ሠራ። መጋቢት 3 ቀን 2023 ማታ ዴፖው ተቃጥሎ ከ30 በላይ ሰው አለቀ። ከዚያ በኋላ ሹማምንቱ «ዴፖው ይነሣ ወይስ ሕዝቡ ይነሣ?» ብለው መከራከር ጀመሩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸ ነው። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር በጊኒ ዋና ከተማ በኮናክሪ፣ ከሰው ሠፈር ተጠግቶ የቆመው የነዳጅ ማከማቻ በሌሊት ፈንድቶ ከ20 በላይ ሰው ሞተ። ማግስቱን የአገሪቱ ማደያዎች ተዘጉ። ልብ በሉ! «ክምችት ያስፈልገናል» ተብሎ ከመንደር መሐል የተቀመጠው ክምችት፣ መንደሩንም ክምችቱንም ይዞ ሄደ። ለኢኮኖሚው ብቻ የሚያስብ ሰው እንኳ ይህን ቢያሰላ አይከስርም።

«ኧረ ይህ ሁሉ የሰው አገር ወሬ ነው» የምትሉ ካላችሁ የራሳችንን ላንሣ። በ1983 ዓ.ም. አዲሱ ሠራዊት አዲስ አበባ በገባ በሳምንቱ፣ ግንቦት 27 ቀን፣ በንፋስ ስልክ የነበረው የጥይትና የፈንጂ ግምጃ ቤት ፈነዳ። ከተማው ሁሉ ተናወጠ፤ በዙሪያው የነበረው መንደር ተበላ። ሊቀርጹ ከሄዱት ጋዜጠኞች ጆን ማታይ ሞተ፤ መሐመድ አሚን አንድ እጁን አጣ። ስማቸው የታወቀው እነሱ ናቸው። የሠፈሩ ሟቾች ስም ግን በየቤተሰቡ ልብ ውስጥ ቀረ። እርግጥ ነው፣ ያ ጥይት ነበር እንጂ ቤንዚን አልነበረም። ትምህርቱ ግን አንድ ነው፤ የሚፈነዳ ነገርና የሚተኛ ሰው ጎረቤት አይሆኑም።

ስለ «ዳግም መክፈት» ከሆነ ደግሞ ከቆሼ የበለጠ መምህር የለንም። ከአየር ጤና ብዙ በማይርቀው ቆሼ ከ50 ዓመት በላይ የአዲስ አበባ ቆሻሻ ተከምሮበታል። በ2008 ዓ.ም. በሰንዳፋ አዲስ የቆሻሻ ማስወገጃ ተከፈተ። የሰንዳፋ ገበሬዎች ሽታውን፣ የውሃቸውን መበከልና የካሣውን ነገር እያነሡ ስለተቃወሙ በዚያው ዓመት ሥራው ቆመ። ታዲያ ምን ተደረገ? ቆሻሻው ወደ ቆሼ ተመለሰ! በሞላው ክምር ላይ ሌላ ክምር! መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከሥሩ የነበሩትን ቤቶች ቀበረ። ከ110 በላይ ወገኖቻችን አለቁ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ቆሼ ያው ቆሼ ነበር። ሥሩ ያለው መንደር ግን በየዓመቱ እየሰፋ መጥቶ ነበር። ያን ቀን ስናለቅስ የነበርን ሰዎች ዛሬ «ይከፈት» ሲባል እናጨበጭባለን። እንዴ! የሰው ልጅ እንዲህ ቶሎ ይረሳል?

ከዚህም ሌላ ሦስቱ ከተሞች ለምን ተመረጡ? ወንድማችን ስማቸውን የጠራቸው ከእኛ ራቅ ስለሚሉለት ይመስለኛል። እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው።

ቡራዩ የገፈርሳ ጎረቤት ናት። ገፈርሳ ከለገዳዲ ግድብ በፊት ጀምሮ አዲስ አበባን ሲያጠጣ የኖረ ውሃ ነው። ሱሉልታ ከእንጦጦ ጀርባ ያለች ብርዳም ሜዳ ናት፤ በክረምት ውሃ ይተኛባታል፤ ከምድሯ የሚቀዳው ውሃ በፕላስቲክ እየታሸገ ይሸጣል። ሰበታ የሜታ አቦ ቢራ አገር፣ የፋብሪካና የአበባ እርሻ አገር ናት፤ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤትም ያለባት ናት። እሳት ብቻ አይደለም የሚያሰጋው ማለቴ ነው። በሐዋይ ሬድ ሂል የተባለው የአሜሪካ ባሕር ኃይል የነዳጅ ማከማቻ የተሠራው ከከርሰ ምድር ውሃ በላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በኅዳር ወር 2021 ነዳጁ ሾልኮ ከመጠጥ ውሃ ጋር ተቀላቀለ። በሺህ የሚቆጠሩ ቤተሰቦች ከቧንቧቸው ነዳጅ የሚሸት ውሃ ቀዱ። በጥቂት ወራት ውስጥ ማከማቻው እንዲዘጋ ታዘዘ። ያን ያህል ገንዘብና መሐንዲስ ያለው አገር ያላዳነውን ውሃ እኛ በምን ልናድነው ነው? እሳት የሚያጠፋ ይገኝ ይሆናል፤ ከመሬት በታች የገባ ናፍጣ ግን በባልዲ ተቀድቶ አያልቅም። የሰበታው ትምህርት ቤት ልጆችስ? የአደጋ ደወል በሌሊት ቢጮህ በየትኛው በር፣ በየትኛው መንገድ፣ ማን እጃቸውን ይዞ እንደሚወጣ ያሰበ አለ?

አሁን ወደ ዋናው ክርክር ልግባ። «ሕዝቡ በኋላ የመጣ ነው፤ ሕገ ወጥ ነው» ተባለ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ሰውየው ከየት መጣ ብለን እንጠይቅ። አዲስ አበባ ውስጥ የቤት ኪራይ ስላቃተው መጣ። በልማት ስም ከመሐል ከተማ ስለተነሣ መጣ። ፋብሪካ ተቀጥሮ ደመወዙ ከአንድ ክፍል በላይ ስለማያከራየው መጣ። ከእሱ በፊት ደግሞ አንድ ገበሬ ነበረ፤ መሬቱን በርካሽ የለቀቀ፣ ልጁም ዛሬ ዘበኛ የሆነ። የመሬት ጥያቄ በዚህ ዙሪያ ምን ያህል ደም እንዳፈሰሰ እናውቃለን። የአዲስ አበባና የዙሪያዋ ማስተር ፕላን ከብዙ ሞትና እስራት በኋላ በ2008 ዓ.ም. ቀረ። በ2015 ዓ.ም. ከተሞቹ በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለሉ፤ በዚያው ዓመትም «ሕገ ወጥ» ተብለው ብዙ ሺህ ቤቶች ፈረሱ። እንግዲህ ያ ቤቱ የፈረሰበት ሰው የት ሄደ? ጠፋ? አልጠፋም። ማንም ወደማይፈልገው ቦታ ተጠጋ። ማንም የማይፈልገው ቦታ ደግሞ የገደል አፋፍ፣ የቆሻሻ ክምር ሥር፣ የዴፖ አጥር ሥር ነው። ሕዝቡ ወደ አደጋው የሄደው ወድዶ አይደለም፤ ወደዚያ የሚወስደው መንገድ ብቻ ክፍት ሆኖለት ነው።

ደግሞስ እሳት የይዞታ ካርታ ጠይቆ ነው እንዴ የሚያቃጥለው? ካርታ ያለውንም የሌለውንም እኩል ይበላል። ሰው ሕገ ወጥ ቤት ሊኖረው ይችላል፤ ሕገ ወጥ ነፍስ ግን የለውም።

ሕጉስ ቢሆን ምን ይላል? የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 44 ሰው ሁሉ ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት አለው፤ በመንግሥት ሥራ ምክንያት የተፈናቀለም ካሣ ይገባዋል ይላል። አንቀጽ 92 ደግሞ ሥራው በቀጥታ የሚነካው ሕዝብ እንዲመከርና ሐሳቡን እንዲሰጥ ያዛል። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995ም ከወጣ ሰነበተ። እንግዲህ ጥያቄዬ ቀላል ነው። ከቁልፉና ከሰውየው የሚቀድመው ማን ነው? ሕጉ ሰውየው ይጠየቅ ይላል። ወንድማችን ቁልፉ ይከፈት ይላል።

ተቃውሞ ብቻ ይዞ መቆም የሰነፍ ሥራ ነውና ምን ይደረግ እንደምል ልናገር። ማንም ባለሥልጣን በመንደር አጠገብ ያለ የነዳጅ ማከማቻ ልክፈት ሲል የሚከተለውን በግልጽ ይመልስ።

አንደኛ፣ ከታንከሩ ግድግዳ እስከ ቅርቡ ቤት ያለው ርቀት ዛሬ ይለካ፤ የድሮ ፕላን አይቀበልም። ሁለተኛ፣ የታንከሩ ወለልና ግድግዳ ውፍረት ይመርመር፤ ነዳጅ ከመግባቱ በፊት ውሃ ተሞልቶ ይፈተን። ሦስተኛ፣ ትልቁ ታንከር ቢፈነዳ ያለውን ሁሉ ይዞ ትርፍ የሚኖረው፣ ወለሉም የማያሾልክ ክትር ዙሪያውን ይሠራ። አራተኛ፣ ታንከሩ ሲሞላ የሚጮኸውና ነዳጁን የሚዘጋው መሣሪያ ከመለኪያው የተለየ ይሁን፤ በየጊዜውም ይፈተሽ፤ የባንስፊልድ ትምህርት ይኸ ነውና። አምስተኛ፣ አረፋ የሚረጭ እሳት አጥፊ በዚያው ከተማ ውስጥ ይኑር። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የአስኮን ወይም የአየር ጤናን የመኪና ግፊያ ጥሶ የሚደርስ እሳት አጥፊ የሚያጠፋው አመድ ነው። ስድስተኛ፣ ቦቴ በገበያና በትምህርት ቤት በር አይለፍ። ሰባተኛ፣ የውሃ መመርመሪያ ጉድጓድ በዙሪያው ይቆፈር፤ ውጤቱም በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ተጽፎ በቀበሌው ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ስምንተኛ፣ ሰው መነሣት ካለበት ከነዳጁ በፊት ይነሣ፤ ምትክ ቤቱን ዓይቶ፣ ቁልፉን ተቀብሎ ይነሣ፤ ተከራዩም እንደ ሰው ይቆጠር።

ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ አይከፈት! «ለጊዜው ነው» የሚለውንም አንቀበልም። በአገራችን እንደ «ለጊዜው» ዕድሜው የረዘመ ነገር የለም። ቆሻሻው ወደ ቆሼ ሲመለስም ሌላ ቦታ እስኪገኝ ነበር።

«ይህ ሁሉ ወጪ ከየት ይምጣ?» ከተባለ እንግዲያው ታንከሩ ሰው ወደሌለበት ይሂድ። የባቡር ሐዲዱ ከሰበታ ተነሥቶ ጅቡቲ ድረስ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተዘርግቷል። በዚያ ሁሉ መስመር ላይ፣ ያን ሁሉ ቆላና በረሃ አልፎ፣ ታንከር የሚቆምበት ባዶ ቦታ ጠፍቶ ነው የሰው ጓሮ የተፈለገው? ልዩነቱ የመንገድና የማመላለሻ ወጪ ብቻ ከሆነ፣ ያን ወጪ ነዳጁን የምንጠቀም ሁላችን እንክፈለው። አሁን የተባለው ግን ሌላ ነው። ነዳጁ ለሁላችን፣ እሳቱ ለሱሉልታ!

በመጨረሻ ወደ እኛ ልመለስ፤ ከሁሉ ያሳፈረኝ ጭብጨባው ነውና። ያጨበጨብነው በግንብ አዳራሽ ተቀምጠን ነው። እስቲ በዚያች ሰዓት «ታንከሩ ከመኝታ ክፍላችሁ ጀርባ፣ ከምግብ ቤቱ አጠገብ ይተከላል» ተብሎ ቢነገረን ያ ጭብጨባ ይሰማ ነበር? መግለጫ ስናወጣ፣ ፊርማ ስናሰባስብ፣ ክፍል ረግጠን ስንወጣ ይታየኛል። ለራሳችን የማንፈቅደውን ለሌላው የምናጨበጭብ ከሆነ የተማርነው ምኑን ነው? ስለ ሰፊው ሕዝብ የምንጽፈው ግጥምስ ለማን ነው?

ስለዚህ ለወንድሜ አንድ ግብዣ አለኝ፤ ጠብ አይደለም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ከአዲሱ ገበያ ታክሲ ይዘን፣ እንጦጦን ተሻግረን ሱሉልታ እንውረድ። ሲመሽ ከሰበታ፣ ሲነጋ ከቡራዩ እንድረስ። እኔ ሜትር እይዛለሁ፤ አንተ ንግግርህን ያዝ። አንዲት እናት ምጣዷን ጥዳ፣ ልጇን አዝላ በተቀመጠችበት ደጃፍ ቆመህ «እማማ፣ እርስዎ በኋላ የመጡ ነዎት» ብለህ አንብብላት። እሷ ካጨበጨበችልህ እኔ ይህን ጽሑፍ በሚቀጥለው እትም እሰርዛለሁ።

ካላጨበጨበች ግን አብረን እንመለስና «መጀመሪያ ሰው፣ ቀጥሎ ታንከር» ብለን አብረን እንጻፍ። ሳይቃጠል በቅጠል!

ከአራተኛ ዓመት ተማሪ